ስድሳ አራት

ጥር ነው፤ በኡራጓይ ፀሐይ የሚከርበት፣
ሣሩ እንደ ገለባ እጅ ላይ የሚሰበርበት።
ሠላሳ ፈረስ ወጣ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣
በዚያ ረዥም ሜዳ፣ በአቧራው መንገድ።
ወንድሜ ዋልዴማር ዳማዋን ጋልቦ፣
ቶርካሳ የምንላትን፣ በእርግብ ስም ተውቦ።

እኔ ባልዲ ያዥ ነኝ።
ዝናዬ እስከ ክርኔ ነው፣ ውሃ እስካረጠበኝ።

ሃምሳ ኪሎ ሜትር ሮጠው በመሃል ያርፋሉ፤
ሐኪሞች በየደረቱ ጆሮ ይጥላሉ።
በደቂቃ ስድሳ አራት፤ ከዚያ በላይ ከመታ፣
ያ ፈረስ አይቀጥልም፤ ኮርቻው ይፈታ።

ቶርካሳ መጣች።
ከሩቅ ሳያት ገባኝ፤
አንገቷ ወርዷል፣ ጎኗ እንደ ወናፍ ይነፋል፣
ላቧ ነጭ አረፋ ሠርቶ ከታፋዋ ሥር ደርቋል።
ኮርቻውን ፈታነው፤ እንፋሎት ተነሣ፣
ላብ የጠጣው ግላስ ከበደኝ እንደ ሬሳ።

አጎቴ ኤፒፋኒዮ ባርኔጣውን ገፍቶ፣
«ተይ ዴልሚራ!» አለኝ፣ ከጥላው ተነሥቶ።
«የጋለ ብረት ላይ ውሃ ሲያፈሱበት
ይሰነጠቅ የለም? አታውቂም ወይ እሳት?
ፈረስም እንዲያው ነው፤ ጡንቻው ይቆለፋል፣
አንጀቱ ይታሰራል፣ በቆመበት ያልፋል።»

ይህን እየሰማሁ፣ ይህን አምኜ ያደግሁ፣
ኮቴ ብቻ አጥቤ ጀርባ ስፈራ የኖርሁ።

ሐኪሟ ኦዲሊያ ማዳመጫዋን ነቅላ፣
«ሰማንያ ስምንት» አለች፤ አልጨመረችም ሌላ።
ቆየት ብላ ግን፣
«በረዶ አለሽ?»
«አለኝ።»
«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ኧረ እኔ ምን ልጠብቅ!
አፈሰስሁት በደረቷ፣ በአንገት በትከሻዋ፣
በጀርባዋ፣ በሆዷ ሥር፣ በታፋ በእግሯ መሃል፣
ደም ሥር በወፈረበት፣ ቆዳ በሳሳበት፣
ባልዲ በባልዲ ላይ፣ ሳልቆም፣ ሳልሰስትበት።
ውሃው እኮ ከጎኗ ሲወርድ ሞቆ ነው፤
በረዶ ሆኖ ገብቶ፣ እንደ ሻይ የሚወርደው።

ከባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ቀስ አድርገን አዞርናት፣
ጨው የተበጠበጠበት ውሃ አቀረብንላት፤
እምቢ። ጆሮዋ አይዞርም።
ድዷን በጣቴ ተጫንሁት፤ ነጣ፣ ቶሎ አይቀላም።

ሰባ ስድስት። ባልዲ።
ሰባ አንድ። ባልዲ።
ሌሎቹ እየተጠሩ አንድ ባንድ አለፉ፤
ደወሉ ሊደወል ነው፣ ደቂቆች ተጣደፉ።
ስድሳ ስምንት።

«ትንሽ ነው» አለ ወንድሜ። «አራት ምት፣ አራት ብቻ!
ቀስ ብዬ እነዳታለሁ፤ ጫኑልኝ ኮርቻ።»

ኦዲሊያ አልመለሰችም። ያየችው አጎቴን ነው።
እሱም ባርኔጣውን ከራሱ አወለቀ፣
ከጥላው ወጥቶ ወደ በርሜሉ ዘለቀ፣
ነከረው፣ ሞልቶ እስኪያፈስ ጠበቀ፣
በአንገቷ ላይ ገለበጠው።
«አርባ ዓመቱ ነው» አለ። «ሎቡኖ የሚባል ነበረኝ።
እንዲህ በጥር ሐሩር ጥም ሲያነደው አየሁ፤
ውሃ ይገድለዋል ብዬ፣ ባልዲውን ደፋሁ።»
ሌላ አልነገረንም። ባርኔጣውን ደግሞ ነከረው።

ወንድሜ ኮርቻውን ካነሣበት መለሰ።
ደወሉ ተደወለ፤ የሌሎች አቧራ ነፈሰ።
እኛ ግን ሰዓት አልቆጠርንም፤
ባልዲም ከዚያ ወዲያ አልቆጠርንም።

ሲመሽ፣ ከወንዙ በኩል ነፋስ ብቅ ሲል፣
አንድ ጆሮዋን አዞረች።
ከዚያ አንገቷን ዘርግታ ጠጣች፤ ውሃው በጉሮሮዋ
እንደ ትንሽ አይጥ እየሮጠ ወረደ።
ጥቂት ቆይታም ኋላ እግሮቿን ከፈት አድርጋ፣
ጭራዋን አንሥታ፣
ሸናች።
ረዥም፣ ጥርት ያለ፣ የማያልቅ የሚመስል።
ወንድሜ ሳቀ። ኦዲሊያ፣ ያቺ ኮስታራ፣ አጨበጨበች።
አጎቴ እርጥቡን ባርኔጣ ራሱ ላይ ደፋ፤
ፊቱ ላይ የወረደውን ማንም አልጠየቀ።

ዋንጫውን ማን እንደ ወሰደ ዛሬም አላውቅም።
ያን ሌሊት ከጋጣው ገብቼ፣ ደረቷ ላይ ጆሮዬን ጥዬ፣
ሠላሳ አራት፣ ሠላሳ አምስት እያልሁ ስቆጥር፣
እንቅልፍ ወሰደኝ መሰል፣ ቁጥሩ ጠፋኝ፤
ምቱ ግን ቀጠለ።