ለሚመለከተው ሁሉ

ጠዋት ፈቱት፣ አርብ ቀን፤
ግሪምስቢ ሲደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፣
ማዘጋጃ ቤቱ አሥር ላይ ይዘጋል።
ኔቪልን፣ ታናሽ ወንድሜን፣
አራት ዓመት ከመንፈቅ ያስቀመጡትን፣
ውስጡን በሚያሳይ የላስቲክ ከረጢት
ካልሲውን፣ ሬዲዮውን፣ የእናታችንን ፎቶ አስይዘው፣
መንገደኛው ሁሉ ንብረቱን ቆጥሮለት እንዲያልፍ
ለቀቁት።

ግሪምስቢ በጥቅምት ንፋሱ ስለት ነው፣
ከወደቡ ሽቅብ ዓሣ ዓሣ የሚለው።
ኔቪል ግን ሮጠ፤
ከጣቢያ እስከ ቢሮው ትንፋሹ ተቆረጠ።

መስኮቱ ላይ ያለችው ስሟ ፕራቲማ ነው።
ክፉ ሰው አይደለችም። ይህን አስቀድሜ ልናገር።
«አድራሻ?» አለችው።
«የለኝም። የመጣሁት ለሱ ነው።»
«ሳጥኑ ባዶ ከሆነ ማሽኑ አያሳልፈኝም።»
የወህኒውን ቁጥርና መንገድ ሰጣት።
አባታችን ከሞተ ወዲህ
እንደዚያ ረግቶ የተቀመጠበት አድራሻ የለውም።
ማሽኑ ተቀበለው።

«ዘመድስ?»
«እህት አለችኝ።»
«እንግዲያው ቤት አለህ።
ከሌለህ ደብዳቤ አምጣ፣
እንደማታስጠጋህ፣ በፊርማዋ።»

ያን ሌሊት እኔ ጋ አደረ።
ሶፋው አጠረው፤ እግሩ ከጫፉ ማዶ ተንጠልጥሎ ነጋ።
ማለዳ ስነሳ
ብርድ ልብሱን አራት ማዕዘን አጥፎ
አጠገቡ ቆሞ አገኘሁት፣ ቀጥ ብሎ፣
ቆጣሪ እንደሚጠብቅ።
ልጄ ሮዊና ቆጠረችው። «አንድ» አለች።
ከዚያ ቁጭ አለ።

አከራዬ ሚስተር ስተብስ በሩ ላይ ትልቅ ጫማ አየ።
ምንም አላለም። ውሉን አውጥቶ
ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ።

እናም ተቀመጥኩ፣ ከሮዊና ደብተር ገጽ ገንጥዬ፦
«ለሚመለከተው ሁሉ። ወንድሜን እወደዋለሁ፤ ነገር ግን…»
ፕራቲማ መለሰችው። «‹እወደዋለሁ› ይውጣ። ያደናግራቸዋል።»
ሁለተኛውን፦ «ቤቴ ጠባብ ስለሆነ…»
«ጠባብ ካልሽ ይበቃዋል ይላሉ» አለች፣ ቀስ ብላ፣
ከኋላዋ ማንም እንዳይሰማ።

ሦስተኛውን ያጻፈኝ ራሱ ነው።
እስር ቤት ለስንቱ ማመልከቻ ጽፏል፤
ለይቅርታ፣ ለጥርስ ሐኪም፣ ለኮበለለች ሚስት።
ቃል መምረጥ ያውቅበታል።
«‹ባይመጣ ይሻላል› ልፍስፍስ ነው፤ ሰርዢው።
‹ደጄን አይረግጥም› በይ።
‹ከዛሬ ጀምሮ› ጨምሪበት።
ቀን ጻፊ። አሁን ፈርሚ።»
እጄ እንቢ ሲል
ሻዩን እያማሰለ ወደ መስኮቱ ዞረ፣
እስክጨርስ።

ደጅ ሲጠና ከርሞ ደጅ አጥቶ ለኖረ፣
እህት የሚል ስሜ ከጣራ ተቆጠረ።
ቤት ይሁነው ብዬ ቤቴን ከለከልኩት፣
እህት መሆኔንም በቀለም ደፈንኩት።

ዐሥራ ዘጠኝ ቀን።
የት እንደሚያድር አልጠየቅሁም፤
ደብዳቤዬ ውሸት እንዳይሆን።
አንድ ማታ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ያየሁት መሰለኝና
ከመውረጃዬ ሦስት ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩ።
ሌላ ሰው ነው። የሌላ ሴት ወንድም።
የያዝኩትን ዳቦ ሰጥቼው በእግሬ ገባሁ።

ከዚያ ስልክ ተደወለ፤
ክፍል ስድስት፣ ከልብስ አጣቢዎቹ በላይ፣
ወለሉ ቀን ቀን ይሞቃል አለ።
የሻይ ማፍያና ሁለት ኩባያ ይዤ ሄድኩ።
ቤት ለእንቦሳ።
በሩን ስንጥቅ ያህል ከፍቶ ኮስተር አለ፦
«ዘመድ ነሽ? ደብዳቤ ይዘሻል?»
ሊያስቀኝ ነው። ራሱም ሳይስቅ ቀረ።

ግድግዳው ባዶ ነው፣ ከእናታችን ፎቶ በቀር፤
ከሥሯ የእኔ ወረቀት፣ ቅጂው፣ በፕላስተር።
«ያስገባኝ እሱ ነው» አለ።

ያ የፈረመው እጄ
የማፍያውን ጆሮ እንደጨበጠ
ደጁን ረገጥኩ።