የጥፍር ቀለም

በኩባያዬ ቂጥ አለች አንዲት ነጥብ፣
ከማዳም ጥፍር ቀለም የወረደች ጠብ።
በሰሃኔም አለች፣ በማንኪያዬም አንገት፤
ጠብታ ናት እንዳልል፣ ጠብ ናት እንዳልላት፣
ቀይ ዐይኗን ታፈጣለች ዕቃ ባጠብኩበት።

“ጀረብ” አለች ማዳም፣ እጄ ሲሰነጠቅ።
ጀረብማ የተባይ ነው፣ ከአልጋ አልጋ የሚዘል፤
የኔ ግን ችፌ ነው፣
ከገዛ ቆዳዬ በቀር ማንንም የማይበድል።
ችፌን በዐረብኛ ምን እንደሚሉት አላውቅም፤
አራት ዓመት በጀህራ፣ ቃል አጥቼ፣ ዝም።

ቃል ያላቸው ሁሉ ግን ፈረዱ በእጄ።
እናቴ ከሐርቡ፣ በኢሞ፣ ምስሏ እየተቆራረጠ፣
“ያየሽ ሰው አለ ልጄ፣
ደሞዝሽን ሰምቶ ዐይኑ የፈጠጠ።”
ትርንጎ፣ የጎረቤቷ፣ ቆሻሻ ስንጥል በር ላይ ተገናኝተን፣
“የደም ቁጣ ነው፣ ዓሣና እንቁላል ተዪ” አለችኝ። ተውኩ።
እኔ ከሳሁ እንጂ፣ እጄ መች ሰማን።

የኤጀንሲው ሰውዬ፦ “ስለማትታጠቢ ነው።”
እኔ? ይሄ እጅ’ኮ ነው ሲያጥብ የሚውለው፣
በክሎሮክስ ተነክሮ ደረጃ የሚያነጣው!
የላጠኝ ንጽሕና ነው፣ እድፍ መች ነካኝ?
ግን እኔስ ብሆን ከነሱ ምን ለየኝ?
ሎሚ በጨው አሽቼ፣ ትራስ ነክሼ አድሬ፣
ካቃጠለ ያሽራል ብዬ፣ በራሴ ላይ አምርሬ።

ፈላሕ ስድስት ዓመቱ ነው። የማዳም ልጅ።
በክርኑ መታጠፊያ፣ በጉልበቱ ጓዳ፣
የኔው ዓይነት ቅላት፣ የኔው ዓይነት ቆዳ።
“ካንቺ ነው የተጋባበት” አለች።
ሳሎን ግድግዳ ላይ ፎቶው አለ፤ ገና ዳዴ ሳይል፣
ጉንጩ በርበሬ መስሎ፣ እንባ እንባ ሲል።
ያኔ እኔ ሐርቡ ነበርኩ፣ ፓስፖርት እንኳ የለኝ፣
በየት አገር ነፋስ ነው ችፌዬ የቀደመኝ?

ክሊኒክ ወሰደችን። ዶክተር ኢህሳን፣ ሱዳናዊት፣
ጓንት ሳታጠልቅ
እጄን አነሳችው፣
እንደ ደብዳቤ ገልጣ ቀስ ብላ አነበበችው።
“አይጋባም” አለች። “እድፍም አይደለም፣ ዐይንም አይደለም።
ቆዳቸው ቅጥሩ ሳስቶ ነው፤ እርጥበቱ ያፈተልካል፣
ሳሙናው ይገባል፣ የኤሲው አየር ደግሞ ያደርቃል።
ቅባቱን ገላቸው እርጥብ እንዳለ ይቀቡ፤ ክሎሮክሱ ይቅር።”
ወደ ማዳም ዞረች፦ “በቤታችሁ አስም ያለበት ሰው ይኖር?”
ማዳም ቦርሳዋን ጨበጠች፣
መንፊያዋ ያለበትን። ዝም አለች።
“ይድናል?” አልኳት።
“ይተኛል፣ ይነቃል” አለችኝ።
ተስፋ ስላልሸጠችልኝ፣ እፎይ ያልኩ መሰለኝ።

አንድ ቆርቆሮ ቅባት ተገዛ፣ ለእኔም ለእሱም።
ክሎሮክሱ ግን አልቀረም፣ ነጥቧም አልለቀቀችም።
በአሴቶን እንዳልፍቃት፣ ስንጥቄን ያንገበግበዋል፤
ማዳም ታጥፋት እንዳልል፣ አፌ መሃል መንገድ ይቀራል።

ሌሊት ፈላሕ አይተኛም። እግሩ አንሶላውን ሲፈትግ እሰማለሁ፤
እነሳለሁ፣ እቀባዋለሁ።
“እከክልኝ ልከክልህ” ይላል ያገሬ ሰው፤
የእኔና የፈላሕ ውል ግን ሌላ ነው፦
አንተም አትከክ፣
እኔም አላክክ።

ትናንት ማድቤት ወለሉ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፣
ኩባያዬን ገልብጦ፣
ምላሱን በጥርሱ ይዞ፣
በዚያ “አትከክ” እየተባለ ባደገ ጥፍሩ
ቀይዋን ነጥብ እየፋቀ፣
ፍቆ ፍቆ ግማሿን አስለቀቀ።
እጁን ልይዘው ብዬ፣
“አትከክ” ልለው ብዬ፣
ተውኩት።