የኤምሪስ ሰባት

ጭጋጉ አልተነሣም፤ ኮረብታው አይታይ፣
ዝናቡ ይነዳል ከዌልስ ባሕር ላይ።
የበረቱ ቆርቆሮ ሲንጫጫ፣ ሲያጨበጭብ፣
የኤምሪስ መኪና ቆመች ከደጁ ቅርብ።

ወረደ ቀስ ብሎ፣ ጉልበቱን እያሸ፤
ቀኑ ገና ጠዋት፣ እሱ ግን የመሸ።
የፔርሙዝ አያት የሚያህል ዕቃ አወረደ፣
ክዳኑን ሲያነሣው ነጭ ጉም ነጎደ።
«ናይትሮጅን ነው» አላት ትንሿን ኔስታን።
«ይፈላል፣ አየሽው? ግን እሳት አይምሰልሽ፤
ጣት ብትነክሪበት ጣት አይተርፍልሽ።»

መተኮስ ሲባል ሰው ትኩሳት ያስባል፤
ፍም፣ የጋለ ብረት፣ ጠጕር ሲንጨረጨር፣ ጭስ ዐይን ሲያቃጥል።
እዚህ ፍም የለም። መዳብ ነው ማኅተሙ፤
ብርድ ውስጥ ይጠልቃል፣ አረፋው እስኪያባራ፣ እስኪቆም ማጉረምረሙ።
ዘጠኝ ማኅተም ብቻ፤ ዐሥረኛ አላስፈለገ፣
ዘጠኝን ሲፈልግ
ስድስትን ገልብጦ ዘጠኝ አደረገ።

ጊደሯን በአጥሩ መሃል አስገቧት።
የግራ ታፋዋን ላጯት፣
በአልኮል አሹት።
«ኢን፣ ዳይ፣ ትሪ…» ኤምሪስ በአገሩ ቋንቋ ቆጠረ፤
አንዴ ተወራጨች። ቆዳዋ እንደ ሳህን ደረቀ፣
ቁጥሩ ሰርጎድ ብሎ ቀረ፤
ትንሽ ቆይቶ ግን ቀለጠ፣ ከቆዳዋ ጋር ተስተካከለ።

«የታለ? ጠፋ እኮ!» አለች ኔስታ።
«አልጠፋም፤ ተኝቷል።
ብርዱ ጠጕሩን አይገድል፣ ቀለሙን ይገድላል፤
ሲበቅል ነጭ ይበቅላል።
እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ላሟ ታረጃለች።»
«ለማርጀት ስንት ይፈጃል?»
«ሃያ ሰከንድ» አላት፤
ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አሳያት።
ሳቀች። እናቷ ኤሉነድ አልሳቀች፤
ሰዓቷን አየች።

ታፋዋ ነጭ የሆነች ስትመጣ ቆጠራው ይረዝማል፤
ነጭ በነጭ አይነበብ፣ ጠጕሩ ከሥሩ እስኪሞት ይያዛል።

እስከ ቀትር ዐሥራ ስድስት አለፉ። የቀረችው አንዲት ጥቁር፣
ግንባሯ ላይ ወተት የተንጠባጠበባት የምትመስል፤
ሦስት መቶ ዐሥራ ሰባት ናት በቁጥር።
ሦስቱ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፣
አንዱም እንደ ምሰሶ።
ሰባቱ ላይ እጁን ምን እንደነካው አይታወቅ፤
ጊደሯ ቆማለች፣ አጥሩም አልተነቃነቀ፣
እጁ ብቻ ራደ፣
መዳቡ ዘምሞ አረፈ።
አንዴ ከነካ አይነሣም፤ ብርድ እርማት አያውቅም።
ሃያ ሰከንድ ሙሉ እንደ ዘመመ ያዘው፤ ምንም አላለም።

«ዘመመ» አለች ኤሉነድ።
«ዘመመ» አለ። «የዚችን አታስቢልኝ።»
ፓውንዱን ስትቆጥርለት የአንዷን ቀነሰች፤
ሥራ ሥራ ነው ብላ፤ ክፉም አላሰበች።

ቆዳው አበጠ፣ ቀረፈ፣ ተላጠ።
ራሰ በራ ታፋ ሁሉ ዝናብ ላይ አበራ፤
ከቁጥሩ ወሬ የለም።

ፌብሩዋሪ በውርጭ ገባ።
የኤምሪስ ጎረቤት፣
የወተት ጠርሙሱ ደጅ ላይ ሁለት ሌት ሲያድር አይቶ፣
በሩን ገፋ።
ቀብሩ ላይ ዐሥራ አራት ሰው፣ የሚበዛው ላም አላቢ፤
መዝሙሩ ሳያልቅ ሰዓቱን የሚያይ፣ አለባ እንዳይዘገይ ሰጊ።
ያን የጉም ዕቃ የሸለቆ ማዶ ሰው ገዛው፣ በርካሽ።

ኤፕሪል ላይ ሣሩ ሲወጣ ጠጕሩም ወጣ፤
ከጥቁሩ መሃል ነጩ፣ አንድ በአንድ፣ መጣ።
የወለዱት ጊደሮች ለመጀመሪያ አለባ ተሰለፉ።
ኤሉነድ ከማለቢያው ጉድጓድ ውስጥ ናት፤
ላሞቿን በፊታቸው አታውቅም፣ በስተኋላቸው እንጂ።
አነበበች፦ ሦስት መቶ ሁለት። ሦስት መቶ ዘጠኝ።
ሦስት መቶ ዐሥራ…
ጡት ያጠበችበትን ጨርቅ እንደያዘች ቆመች።
የዚያ እጅ መራድ፣
ባለቤቱ አፈር ውስጥ ሳለ፣ ጥቁር ቆዳ ላይ በቅሏል፤
ሰባቱ ሽበት ነው፣ ሽበቱም ሰባት ነው፤
ገና ይንቀጠቀጣል።

«እማ፣ ሰባቱ እየወደቀ ነው?»
«አይ። ቆሟል። አቋቋሙ ነው።»

ማታ መዝገቡን ከፈተች፤
ሦስት ጻፈች፣
አንድ ጻፈች፣
እርሳሱን ትንሽ አየር ላይ አቆየች፣
ሰባቱን አዘመመች።