ሰባተኛው ቀን

ኢኒድ ከፕሬስተን፣ ባንድ ሻንጣ ብቻ፣ ኬዚክ ላይ ስትወርድ
ዝናቡ ቀድሟታል፣ በሠርግ ዋዜማ እንደሚመጣ ዘመድ።
ተራራው የለም፤ ጉም ውጦታል ከነአናቱ፤
በጎች ብቻ ቀሩ፤ ጎናቸው ላይ ቀልቷል የባለቤት ምልክቱ።

የፔንሲዮኑ እመቤት፣ ሚስስ ትዌይት፣ ቁልፍ ስትሰጣት፣
«ዊልፍሳ?» ልትላት
አፏን ከፍታ ሳለች፣ ዓይኗን አየችና ቃል ከዳት።
«ሻይ ላምጣልሽ» አለች፤
አራት ብስኩት ይዛ ተመልሳ መጣች።

«ለዕረፍት ነው?» አላት በማግስቱ ጆስ፣ የጀልባው ልጅ፣ ቲኬት እየቆረጠ።
«ለዕረፍት» አለችው፤ ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተገለበጠ።
ዊልፍም ዐርፏል፣ በየካቲት፤ ልዩነቱ ቀላል፦
የእሷ ዕረፍት ሰባት ቀን፤ የእሱ ትኬት ግን መመለሻ የለም ይላል።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጠባቸው በውሃ ነበር።
እሱ ሐይቅ ይወዳል፦ «ቤቱን የማይለቅ ጨዋ፣ አድሮ የማይቀየር»፤
እሷ ወደብ፣ ማዕበል፣ ሬንጅ የጠጣ ገመድ፣ የዓሣ ገበያ ግርግር።
«ሐይቅህ» ትለዋለች፣ «መሄጃ ያጣ ዝናብ ነው፣ ሜዳ ላይ የተኛ።»
«ባሕርሽ» ይላታል፣ «በቀን ሁለት ጊዜ ቤት ጥሎ የሚወጣ ባል፣ ሥራ ፈት መንገደኛ።»

ኋላ ሳምንቱን እንደ ዳቦ ቆረሱት፣
ሦስት ቀን ለሐይቁ፣ ሦስት ቀን ለወደቡ ብለው ደለደሉት፤
ሰባተኛው ሲተርፍ ለሳንቲም ሰጡት፣
ለባለ ሰባት ማዕዘኗ ሃምሳ ፔንስ።
ዊልፍ ወደ ላይ ይወረውራል፤ ኢኒድ በመዳፏ ትቀልባለች፤
ሲረታት ያፏጫል፤ እሷ ግን እስከ እራት ታኮርፋለች።

«ስንት ሰው ነው?» ጆስ እንደገና ጠየቀ።
«አንድ።» ቁጥሩ ከአፏ ሲወጣ ሌላ ሰው የተናገረው መሰላት፣ እየራቀ።

ሁለት ቀን ሰለቻት። እውነቱ ይኼ ነው፤
ጀልባዋ ሐይቁን ዞራ፣ ዞራ፣ የተነሣችበት ነው የምትመለሰው።
በሦስተኛው ጧት ጉሙ ተነሣ፤ ውሃው ዝም አለ፤
ተራራው ቁልቁል ቆሟል፣ ከነበጎቹ፣ ከነድንጋይ አጥሩ፣ አንዲት ጠጠር ሳትጎድል፣ እንዳለ።
ጮክ ብላ፣ «እሺ፣ አየሁት» አለች።
ጆስ ቀና ብሎ፣ «ምን አሉኝ?»
«አንተን አይደለም» አለች።

ሜሪፖርት ስትደርስ ባሕሩ የለም።
ጀልባዎች ጭቃ ላይ እንደ ሰካራም በጎናቸው ተጋድመዋል፤
አንድ ሕፃን፣ «አያቴ፣ ባሕሩ የት ሄደ?» ይላል፤
«ሥራ ሄዷል፤ ማታ ይገባል።»

አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ ጥብስ ድንቿ ላይ ኮምጣጤ ስታፈስ፣
አንዲት የባሕር ወፍ ትልቁን መንትፋ፣ ክንፏ ጉንጯን ዳብሷት ሲያልፍ፣ በነፋስ፣
ኢኒድ ሳቀች፤ ከየካቲት ወዲህ የመጀመሪያዋ፤
ሳቁን ልታካፍል ወደ ግራ ሄደ ክርኗ፣
ምንም አልነካ።

ማታ ባሕሩ ገባ፣ በዝግታ፣
እንዳመሸ ሰው፣ ጫማውን አውልቆ፣ መብራት ሳያበራ፣ በጨለማ ወደ ጓዳ።
ጀልባዎቹ አንድ በአንድ ከጭቃው ተነሡ።
ኢኒድ የወደቡን ግንብ ተደግፋ ቆየች፤ እጅጌዎቿ ራሱ።
ጥሎ የሚወጣው ቤቱ ገባ፣ ከነጭቃው፤
ሄዶ የቀረው፣ ያ ቤቱን የማይለቀው።

በሰባተኛው ቀን ሳንቲሟን ከኮቷ ኪስ አወጣች።
ራሷ ብትወረውር ማን ሊቀልብ? ብትቀልብስ ማን ሊያፏጭ?
ሳንቲሟ መዳፏ ውስጥ ሞቀች።
ስልክ ደወለች፦
«ሚስስ ትዌይት፣ ለዛሬ አንድ ክፍል አለሽ? ወደ ሐይቁ የሚያይ?»
«ዛሬ? በባሕሩ ተጣላሽ ወይ?»
«አልተጣላሁም። ዝናብ አለ?»
«መቼ ጠፍቶ ያውቃል!»

አውቶቡሱ ሲመጣ፣ ዝርዝር ሳንቲሞቿን ለሾፌሩ በመዳፏ ዘረጋች፤
ባለ ሰባት ማዕዘኗን ሊያነሣ ሲል፣
«እሷ ትቅር» አለች።