ሩብ ሰከንድ

ሴቱባል ከተማ፣ ከዓሣው ገበያ ጀርባ፣
ወደ ጠባቧ ሱቁ ኤቫሪስቶ ሊገባ፣
ደጁ ላይ ቆማለች ዴኦሊንዳ፣ ቀድማ፣
ላፕቶፗን በፎጣ ጠቅልላ፣ ተሸክማ።

ሠላሳ ሦስት ዓመት ሰርዲን ያሸገ ጣት
ብዕር ጨብጦ ጻፈ በብጫቂ ወረቀት፦
«ጆሮዬ አይሰማም፣ ዓይኔ ግን ጤና ነው፤
ቪዲዮው ይዘላል። ምን እንደሚል ልየው።»

አሥራ አንድ ደቂቃ፣ በልጅ ልጅ ስልክ የተነሣ፣
በሰከንድ ስልሳ ፍሬም፣ የማይስት አንዲት ጠባሳ፤
እህቷ አልቤርቲና፣ እሷም መስማት የተሳናት፣
ከሞቷ ሳምንት በፊት፣ ከነፋሻ ሰገነት፣
በእጇ ስትናገር።

ላፕቶፑ ግን አርጅቷል። እጇ ከደረቷ ይነሣል፣
መንገዱን ሳይሄድበት ግንባሯ ላይ ይደርሳል።
በመካከል የነበረው፣ ቃሉ ያረፈበት አየር፣
የለም። ተገንጥሏል፣ እንደ ተቀደደ ደብተር።

ሦስት ሳምንት ሙሉ እየመለሰች አየች፤
ከብጥስጣሹ መሀል ይህን ብቻ ለቀመች፦
«ቤት»… «እናታችን»… «እኔ»… «ሸጥኩት»።
ዘጠኝ ዓመት የተኳረፉበት፣
ያው የጥንቱ ጥርጣሬ፣ ይኸው ከሟች አንደበት።
አንደበት እንኳ አይደለም፤ ከእጅ።

ባቡር ጣቢያው ጋ ያለ ጎረምሳ ጆሮውን አቀና፦
«ምን ሆነ? ድምፁ እኮ አልተቆራረጠም፣ ደህና!»
ብሎ፣ አስከፍሎ ላካት።

ኤቫሪስቶ ጆሮውን ትቶ ዓይኑን ሰጠ።
ሥራ ሲበዛበት፣ አቅሙ ሲከዳው ማሽን፣
ምስሉን ነው የሚጥል፣ ለማዳን ድምፁን።
ሰሚዎች ያወጡት ሕግ ነው፤ ማን ይፍረድበት?
ለሰገነት ነፋስ ሲል የእህቷን ቃል ሸጠባት።

ፈታው። አቧራውን ነፋ፤ የድመት ጠጉር ወጣ።
ባትሪ ቆጣቢውን አጠፋ፤ ኃይሉ ከግድግዳ መጣ።
ፕሮሰሰሩ ብቻውን ሸክም ሲጎትት ከርሟል፤
ግራፊክስ ካርዱ ከጎኑ እግሩን ዘርግቶ ተኝቷል።
«ተነሥ፣ አግዘው» አለው፣ አንዲት ሳጥን ምልክት አድርጎ።
ተነሣ፣ አገዘ። ግን አሁንም፣ አልፎ አልፎ፣
እጁ ይዘላል።
የዘንድሮን አጨማመቅ ካርዱ ከየት ይወቀው?
እሱ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ነው የመጣው።
ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ፣ ፍሬም በፍሬም፣
በሚያውቀው በዱሮው ቋንቋ አስተረጎመለት፤ አንዲት አልጎደለችም።

ይህን በምጽፍበት ቋንቋ እምቢታ ግስን ያጥራል፦
«አል» ከፊት ይቆማል፣ «ም» ከኋላ በር ይዘጋል።
በእነሱ ግን ራስ ነው፤ አንዴ ወዲያ፣ አንዴ ወዲህ፣
ሩብ ሰከንድ የማይሞላ፣ ትንኝ እንደ ማባረር፣ እንዲህ።

በነጋታው መጣች። ሰገነቱ፣ የተሰጣ አንሶላ፤
የአልቤርቲና እጅ ተነሣ፣ አየሩን ሞላ፣
እንደ ዘይት ፈሰሰ።
«ቤት»። «እናታችን»። «እኔ»።
ከዚያ ራሷ፣
አንዴ ወዲያ፣
አንዴ ወዲህ፣
«ሸጥኩት»።

ዴኦሊንዳ ጣቷን ሰደደች፣ መለሰችው። እንደገና።
አሥራ አምስት ፍሬም። ሁሉም አሉ። እንደገና።
በሰባተኛው ወንበር ፈለገች። ፎጣውን አጣጠፈች፣
ደግሞ ዘረጋችው፣ ደግሞ አጣጠፈች።
ሂሳቡን በሳንቲም ቆጠረች፣ ሁለት ጣሳ ሰርዲን ጨመረች።

ልትወጣ ስትል ጻፈች፦ «የሚሰማስ ምን አለው?»
ኤቫሪስቶ ጆሮውን አስጠጋ። ውሸት አማረው።
የእህቷን ሳቅ ሊሰጣት ፈለገ፤ አልነበረም፣ ተወው።
«ነፋስ» ብሎ ጻፈ። «ነፋስ ብቻ ነው።»

ራሷን ነቀነቀች። እሺ ትሁን፣ እምቢ፣
አልለየም፤ ፈጥኖ አለፈ፣
እሱም ያን ጊዜ ብዕሩን ሲከድን ነበረ።