ትንሿ ጣቴ

ሸዋ ሮቢት ወርጄ የእህቴን ልጅ ድሬ፣
ስመለስ ታቅፌ መጣሁ አንድ ፍሬ
ችግኝ በወተት ጣሳ።
ቅጠሉ ወፍራም ነው፣ ሊስትሮ እንዳሸው ጫማ፣
ክረምት በጋ አይረግፍም። «ምን ይሉታል?» «ጎማ።»

የሚኒባሱ ረዳት ጣሳውን አየና፣
«ምን ያፈራል?» አለኝ።
«ምንም።»
«እንግዲያማ ክፈል፣ ቦታ ይዟልና!»

ደብረ ሲና አለፈ፣ ጭጋጉ ወረደ፣
መኪናው ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ነጎደ፤
ማዶ ብቅ ስንል ብርዱ አገኘን ቆሞ፣
እኔን በሰላምታ፣ እሱን ግን አድሞ።

ደብረ ብርሃን ኅዳር ውርጭ ሣር ያስሸብታል፣
ገመድ ላይ ያደረ ሱሪ ብቻውን ይቆማል።
ልብስ ሰፊ ነኝና ቁርጥራጭ አላጣ፣
ለጣሳው ካፖርት ሰፋሁ፣ ካሮጌ ኮት የወጣ።
ቀን ከስፌት መኪናው ጎን፣ ፀሐይ በምታርፍበት፣
ማታ ካልጋዬ ግርጌ፣ ነፋስ በማይገባበት።

ቅጠሉን አንድ ባንድ በእርጥብ ሻሽ ሳብስ፣
አከራዬ እትዬ ደጊቱ በሬ ላይ ድርስ፦
«ለማይበላ ነገር! ጎመን ብትተክል
ይኼኔ ለወጥ ደርሶ አልነበር?»
እውነታቸውን ነው። ጎመን ይበላል።
ዝም ብዬ አብሳለሁ።

ጥር ላይ አንድ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ረገፈ፤
ሌላው ተከተለው፣ ሦስተኛው ታጠፈ።
«ጠምቶት ነው» አልኩና ጧት አጠጣሁት፣
ማታም ደገምኩለት፣ በነጋው ሠለስኩት።
ባጠጣሁት ቁጥር አንገቱን ሰበረ፣
ባዘንኩለት መጠን መሞት ጀመረ።

ጋሽ ምንዳዬ መጡ፣ ሱሪ ሊያስጥፉ፤
አትክልተኛ ነበሩ፣ በፋብሪካው ግቢ ዕድሜ ልክ የለፉ።
ካፈሩ ቆንጥረው አሸተቱትና፣
«ይኼ መች ጠማና!
ሰምጦ ነው።» ጣሳውን ገለበጡ።
«ታቹ አልተበሳም? ውሃው በየት ይውጣ?
ምስማር ስጠኝ።»
ሰባት ቀዳዳ።
«ከእንግዲህ በጣትህ ጠይቀው፣ እስካንጓህ ሰደህ፤
እርጥብ ነው ካለህ፣ ተወው፣ እጅህን ሰብስበህ።»

ግን አውራ ጣቴ፣ ሌባ ጣቴ፣ መሀል ጣቴ፣
መርፌ የወጋቸው ገና ከልጅነቴ፣
ደንድነዋል። ደረቅ ከእርጥብ አይለዩም።
ትንሿ ጣቴ ናት፣
ሥራ ሠርታ የማታውቅ፣ ዳር ቆማ ያረጀች፣
አፈር ውስጥ ገብታ «ቆይ፣ ገና ነው» ያለች።

ቆየሁ።
ውሃ ቀድቶ፣ ይዞ፣ ቆሞ አለማጠጣት
እጅ ያዝላል።

ሚያዝያ ላይ ጫፉ ቀይ ሽፋን ለበሰ፤
በሳምንቱ ስፌቱን ከውስጥ በጠሰ፦
ቅጠል፣
እጥፋቱ ያልተዘረጋ፣ ገና ያልተተኮሰ።

ትናንት እትዬ ደጊቱ በሬ ላይ ቆሙና፣
«ቅርንጫፉን ቢተክሉት ይይዛል?» አሉና፣
ከነጠላቸው ሥር የዘይት ጣሳ አወጡ።
ተቀብዬ ገለበጥኩት።
ታቹን በስተውታል።