ጨው የበላው ሚናራ

ሙሐረቅ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ ከመረብ ጠጋኞች ጓሮ
አንድ ሚናራ ቆሟል፣ ወገቡ በገመድ ታስሮ።
ቁመቱ ከፎቆቹ ያንሳል፤ ርግቦች እንኳ ንቀውት
ወደ ባንኩ ጣሪያ ሄደዋል፣ ለነፋስ ብቻ ትተውት።

አጥንቱ የባሕር ኮራል ነው፣ ውሃው እስኪሸሽ ጠብቀው
ዕንቁ ጠላቂዎች ያወጡት፣ በዲጅኖ ፈልቅቀው፤
ማገሩ ከላሙ ወደብ በጀልባ የመጣ ግንድ፣
ምርጊቱ ጀሶ፣ በቴምር ዝንጣፊ የተቃጠለ በጉድጓድ።

የዛሬ አርባ ዓመት ግን አንዱ፣ «ላጠንክረው» ብሎ አዝኖ፣
ሲሚንቶ ደረበለት፤ ቀረ ያ ልብስ ከፈን ሆኖ።
ላብ መውጫ ሲያጣ ታፈነ፤ ጨው በውስጡ ገዘፈ፣
ድንጋዩ እንደ ቆየ ዳቦ በጣት ሲነኩት ረገፈ።

ኡስታ ደርዊሽ መዶሻውን በጨርቅ ጠቅልሎ ይመታል፣
«ቀስ! የተኛ ሰው ነው» እያለ ሲሚንቶውን ይፈታል።
እርጥብ ወረቀት እንለጥፋለን፣ እንደ ትኩሳት ፎጣ፣
ሌሊቱን ጨው እየሳበ ጠዋት ነጭ ሆኖ እስኪመጣ።

ከዚያ ድንጋዩን ይልሳል። አዎ፣ በምላሱ፣ ሽማግሌው!
ፊቱን ካጨማደደ፣ እንደገና ነው፤ ገና ነው።

እኔ ውሃ አቀባዩ ሳቅሁ።
እኛ ዘንድ ጨውን ነው እንጂ «ጣፍጪ» ብለው የሚመክሩ፣
«አለዚያ ድንጋይ ነሽ» ብለው ከደጅ የሚወረውሩ፤
እዚህ ግን የጣፈጠው ድንጋይ ነው የሚጣለው፣
አልጫው ነው የሚከበር፣ አልጫው ነው የሚተከለው።

ትናንት ሠላሳኛው ደረጃ ላይ፣ ምርጊቱ ሲላጥ ከሥር
አራት ጣት ወጣ፣ የግንበኛ፤ አምስተኛው አልነበር።
ደርዊሽ አይቶ ዝም አለ። «ጀሶ አቀብለኝ፣ ልሸፍነው፤
ባለቤቱም ሸፍኖት ነው የሄደው።»

ማታ አውቶብስ ስጠብቅ ከንፈሬን ላስኩ።
ገና ነው።